ጋሽ በራሶ ስሙ ሲጠራ

የደረቴ ሕመም የጀመረኝ ስልክ ሳነሣ ነው።

ዲላ ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነኝ። በዚያ ሰሞን ግን መኪናው ላይ አያወጡኝም ነበር። የአደጋ ጥሪ የሚመጣበት ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ፣ አነሣሁት። አንዲት ሴት ገበያው አጠገብ ያለ ሱቅ እየጨሰ ነው አለችኝ። ሰምቻታለሁ። የት እንደሆነም ገብቶኛል። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ግን አየር አልገባ አለኝ። ደረቴ ላይ አንድ ጆንያ ቡና የጫኑብኝ መሰለኝ። እጄ ደነዘዘ።

“ሃሎ! ሃሎ! ኧረ ሰው የለም እንዴ? ልንቃጠል ነው እኮ!” ትላለች ሴትዮዋ።

ባልደረባዬ ሙሉጌታ፣ ሁላችንም ሙሌ የምንለው፣ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ አድራሻውን ተቀበለ። ሳይረኑን እያስጮሁ ሲወጡ እኔ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጬ ነበር። ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። እየሞትኩ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

ይህን ለመጻፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በቀጥታ ሥራ የገባሁ ሰው ነኝ፤ መጻፍ አልለመድኩም። ነገር ግን እንደኔ ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚዞር፣ “ምንም የለብህም” እየተባለ የሚመለስ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እሱ እንዲያነበው ነው። ሌላም ሰው ያንብበው። የሚወደውን ሰው እንዳያሳምም ብሎ ዝም የሚል ሰው።

ከስልኩ በፊት የሆነውን መናገር አለብኝ።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ እዚያው እሳት አደጋ ይሠራ ነበር። አባታችን ትንሽ ሆኜ ነው ያረፈው፤ ያስተማረኝ ደረጀ ነው። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት ሳላመጣ ስቀር “ና፣ እኛ ጋ ተፈተን” ያለኝም እሱ ነው። አለፍኩ። አንድ ላይ እንሠራለን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድማማቾች ግን አንድ ፈረቃ ላይ አይመደቡም፤ አንድ አደጋ ሁለቱንም እንዳይወስድ ነው። ስለዚህ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። በር ላይ እየተገናኘን “ምን አለ?” “ሰላም ነው” እንባባል ነበር።

ቀይ ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከዱመርሶ አቅጣጫ ጥሪ መጣ። የደረጀ ፈረቃ ነበር። እሸት ቡና የሚያጥብ አንድ ጣቢያ ውስጥ የቀን ሠራተኛ የተዘጋ ቱቦ ሊከፍት ፍሳሽ ጉድጓድ ገብቶ ወድቋል። የቡና ፍሳሽ ሲብላላ መርዛማ አየር ይፈጥራል፤ አይታይም። ደረጀ ወርዶ ሰውየውን አስወጣው። እሱ አልወጣም።

እኔ ቤት ተኝቼ ነበር። የማውቀው ይህን ብቻ ነበር። ወረደ፣ ሰውየውን አወጣ፣ አልወጣም።

ከቀብር በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ ሁሉም ተንከባከቡኝ። እዚህ ላይ ማንንም መውቀሴ አይደለም። ኃላፊያችን “አንተ ለጊዜው አረፍ በል” ብሎ ስልክ ላይ አስቀመጠኝ፤ ቀን ቀን ስለምቀመጥ ከሁሉም ፈረቃ ጋር እገናኝ ነበር። የደረጀን ካፖርት ከተሰቀለበት አነሡት። መደርደሪያው ላይ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት ላጡት። ስገባ ወሬ ይቆማል። ሙሌ እንኳ፣ በለቅሶ ቤት ሰው የሚያስቅ ሙሌ፣ እኔን ሲያይ ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራል።

የእኛ ሥራ አንድ ልማድ አለው። ከአደጋ ስንመለስ ውሃ የምንረጭበትን ሆዝ ዘርግተን አብረን እናጥባለን። ረጅምና ከባድ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን አይጠቀልለውም፤ አንዱ ሲጠቀልል ሌላው ከፊት እያነሣ ያቀብላል። በዚያን ጊዜ ነው የምናወራው። ማን ፈራ፣ ማን ተሳሳተ፣ ምን አየን፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። እንቀላለዳለን፣ እንሰዳደባለን፣ ከዚያ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ቁጭ ብለን ፊት ለፊት እየተያየን ግን ማውራት አንችልም፤ እንተፋፈራለን።

የደረጀ ቀን ሆዙን አብሮ ያጠበ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔ በስልኩ ምክንያት ከአደጋ የምመለስ ሰው አይደለሁም፤ እነሱ ሲያጥቡ በመስኮት አያለሁ። ልወጣ ስነሣ “ተው አንተ አትድከም” ይሉኛል። ጥሪውን ሁሉ የምሰማው እኔ ነኝ፤ የማልሄደውም እኔ ነኝ።

እና የዚያን ቀን ስልኩ ጮኸ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ። መርፌ ታዘዘልኝ፣ ጨረስኩት። ትንፋሼ እንደዚያው ነው። ሁለተኛው ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ተው አለኝ። ተውኩ። እናቴ ለብቻዬ አልጫ መሥራት ጀመረች። ሦስተኛው ቦታ ያገኘሁት ሐኪም ደግ ሰው ነበር፤ ልቤን አዳምጦ ለማንኛውም ሐዋሳ ሄደህ ተመርመር አለኝ። እናቴ የዚያን ዓመት የቡናዋን ገንዘብ አንድም ሳታጉረመርም በእኔ ላይ ጨረሰችው። ሐዋሳ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው የልቤን አመታት ወረቀት ላይ አወጡት። “ልብህ ከእኔ ልብ ይሻላል” አለኝ ሐኪሙ እየሳቀ። እውነትም ሐዋሳ ውስጥ ደህና ነበርኩ። መኪናችን ተመልሶ ዲላን ሲቃረብ፣ በየመንገዱ ዳር የቡና ገለባው የሚኮመጥጥ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ደረቴ እንደገና ተዘጋ። በዚያ ወቅት ጌዴኦ ውስጥ ከዚያ ሽታ የት ይሸሻል?

አየህ፣ ሽታውን ለአንዱም ሐኪም አልነገርኩም። ከሕመሜ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝማ። ስለ ወንድሜም የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሣሁም። ስለዚህ በእነሱ አልፈርድም።

ከሕመሙ ሁሉ የባሰብኝ ግን አለመቀመጥ ነው። መቀመጥ አልችልም ነበር። ክሊኒክ ገብቼ ካርድ አወጣና አግዳሚው ላይ ቁጭ እላለሁ። ወዲያው እግሬ ይንቀጠቀጣል። እነሣለሁ። በረንዳ ላይ እመላለሳለሁ። ከግቢው እወጣና እስከ አስፋልቱ ሄጄ እመለሳለሁ። ስመለስ ተራዬ አልፏል። “እያሱ የለም ብለን አለፍነው” ይሉኛል። አንድ ቀን አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ፣ እግራቸውን አብጧቸው የመጡ፣ “ልጄ፣ እኔ መሄድ አቅቶኝ መጣሁ፣ አንተ መቀመጥ አቅቶህ መጣህ። እስቲ እንቀያየር” አሉኝ። ሳቅኩ። ከቀብሩ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ ተነሥቼ ወጣሁ።

ቤትም እንደዚያው ነው። ማታ ጋደም ስል ጉድጓዱ ይመጣል። አላየሁትም፤ ስለዚህ በየቀኑ ሌላ ጉድጓድ ነው። አንዳንዴ ጥልቅ፣ አንዳንዴ ጨለማ፣ አንዳንዴ ደረጀ እየጠራኝ። እነሣና ጓሮ ወጥቼ በእንሰቱ መሃል እመላለሳለሁ። እናቴ በመስኮት ታየኛለች። አትጠራኝም።

ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቹ ጸለዩልኝ። ለዚያች ሰዓት እፎይ አልኩ። ጎረቤታችን ባለሱቋ ጠበል አመጣችልኝ፤ እኛ ፕሮቴስታንቶች መሆናችንን ታውቃለች፣ “ግድ የለም፣ እግዜር አንድ ነው” አለች። እናቴ ተቀብላ አመሰገነቻት።

በመጨረሻ ኃላፊያችን ጠራኝ። በጥሩ አንደበት ነው የነገረኝ። እስከ ቡናው ወቅት ማብቂያ ካልተሻለህ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት እናዛውርሃለን፣ ለጤናህም ይሻልሃል አለኝ። ለእናቴ ስነግራት “ተመስገን” አለች።

“እማዬ፣ መኪናው ላይ መመለስ ነው የምፈልገው።”

“አንዱን በላብኝ። አንተን አልሰጠውም። ጥበቃ ሁን፣ ተላላኪ ሁን፣ ከዚያ ቤት ብቻ ውጣልኝ።”

“የደረጀ ሥራ ነው እኮ።”

“ለዚያ ነው የምልህ!” አለችና አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ነገር አላወራንም። አንድ ገበታ ላይ ቆጮና ጎመን እየበላን ሁለታችንም ዝም።

ጋሽ በራሶ የመጣው በዚያ ሰሞን ቅዳሜ ቀን ነው።

ጋሽ በራሶ በደረጀ ፈረቃ ትልቁ ሰው ነው። ሃምሳ ሊሞላው ነው፤ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያለው። የዚያን ቀን ገመዱን ከላይ ይዞ የነበረው እሱ ነው። ይህን በኋላ አንድ ሰው ሹክ ብሎኛል። ለቅሶ አንድ ቀን መጥቶ ከዚያ ቀርቷል፣ በዚህም ቂም ይዤበት ነበር።

በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። ጋሽ በራሶ ወረደ። ከኋላ ወንበሩ ላይ ጭቃ የተለወሰ ሆዝ እንደ ዘንዶ ተቆልሎ ተቀምጧል።

“ፋዘር፣ ሰውም ቢሆን ይህን ያህል ወንበር አይዝም” ይላል ባለባጃጁ። “ሁለተኛ እንዳትጠራኝ!”

“ያዝና አውርድ” አለኝ ጋሽ በራሶ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

“ምንድን ነው?”

“ሆዝ ነዋ። ረሳኸው? ብቻዬን አይጠቀለልልኝም።”

“ጣቢያው ውስጥ ስንት ሰው አለ አይደል?”

“እነሱ ወሬ ያበዛሉ።”

እናቴ ሆዙን ስታየው ፊቷ ተለወጠ። “አቶ በራሶ፣ ይህን ነገር ከደጄ አንሣልኝ” አለች።

“አነሣዋለሁ የደረጀ እናት። ታጥቦ ነው እንጂ እንዲህ እንደቆሸሸ የት ልውሰደው?”

ደረጀን በስሙ ሲጠራ ሰማሁት። ከቀብሩ በኋላ በፊቴ ስሙን የጠራ ሰው አልነበረም። እናቴም ሰምታለች። ገባች፣ በሩን ዘጋችው። በኃይል አልዘጋችውም።

ሣሩ ላይ ዘረጋነው፣ አጠብነው፣ አገላብጠን ጠረግነው። ምንም አላወራንም። “አንሣ”፣ “ሳብ”፣ “ቀስ” ብቻ። ሲጠቀልል እኔ ከፊት ከፊቱ እያነሣሁ አቀብለው ነበር። ጨርሰን ቀና ስል አንድ ነገር ልብ አልኩ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቦታ ነበርኩ። አልተመላለስኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ። በሌላ ባጃጅ። ከዚያም በኋላ። ስለ ልጆቹ ያወራኛል፣ ስለ ሙሌ ኩርፊያ፣ ገደብ መንገድ ላይ ጉድጓድ ገብታ ስላወጧት ላም። “ላሟ ወጥታ ባለቤቱን አልፋ ሙሌን ወጋችው። ምስጋናዋ ነው” ይለኛል። አንድ ቀን ሆዙ ጫፍ ላይ ያለውን የተሸረፈ ብረት አየሁት።

“ጋሽዬ፣ ይህ እኮ ያለፈው ሳምንት ያጠብነው ነው።”

“ነው እንዴ?”

“ነው። እንዴት እንደገና ጭቃ ሆነ? አደጋ አልነበረም፤ ስልኩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።”

ብረቱን በጣቱ እየጠረገ፣ “እኔው ነኝ ጭቃ ላይ የጎተትኩት” አለ። “ታዲያ ንጹሕ ሆዝ ይዤ ብመጣ ምን ልትለኝ ነበር?”

ሁለታችንም ሳቅን። ያን ያህል ሳቅ ግቢያችን ውስጥ ስለተሰማ እናቴ በሩን ከፍታ አየችን። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሞቀ ውሃ በባልዲ አውጥታ አስቀመጠችልን። ለሆዝ ሙቅ ውሃ አያስፈልግም። ማንም አልነገራትም።

ስለ ደረቴ የነገርኩት ያኔ ነው። ስለ ሽታው፣ ስለ ስልኩ፣ በየሌሊቱ ስለሚለዋወጠው ጉድጓድ። ለሐኪም ያልነገርኩትን ሁሉ እየጠቀለለ ሰማኝ።

“ሰኞ ሆስፒታል እንሄዳለን” አለ። “የአእምሮ ሕክምና ክፍል።”

“እብድ ነኝ?”

“እኔ ምን አውቄ! አብሬህ እሄዳለሁ አልኩህ እንጂ።”

ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሁለቱን ቀን ዋለልኩ። ዲላ ትልቅ ከተማ አይደለችም። እዚያ በር ላይ ያየኝ ሰው ነገ ምን ይላል? መኪናው ላይስ ማን ያወጣኛል? ለማንኛውም ሄድኩ፤ እሱ ቤቴ መጥቶ ሲጠራኝ እምቢ ማለት አፈርኩ።

ካርድ ያወጣው እሱ ነው። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከእኛ ፊት አንዲት እናት ጎረምሳ ልጇን እጁን ይዛ ተቀምጣለች፣ አንድ አስተማሪ የሚመስሉ ሰውዬ ጋዜጣ ገልብጠው ይዘዋል። እግሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተነሣሁ። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እንደገና ተነሣሁ። በልቤ እወስናለሁ፤ አሁን ስወጣ አልመለስም፣ እስከ አስፋልቱ ሄጄ በዚያው ወደ ቤቴ።

አንዲት ሲስተር በሩን ከፍታ ስም ጠራች።

“በራሶ!”

የካርድ ስህተት መሰለኝ። “ጋሽዬ፣ በአንተ ስም ነው እንዴ ያወጣኸው? ትነግራት የለ?” አልኩት።

ጋሽ በራሶ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሣ። ኮፍያውን አውልቆ ሰጠኝ።

“ተራዬ ነው” አለ። “ያንተ ከእኔ ቀጥሎ ነው። ጠብቀኝ፣ እሺ? የትም እንዳትሄድ።”

“አንተም?”

“ከዚያ ቀን ጀምሮ። ማን ይተኛል ብለህ ነው?”

ገባ። በሩ ተዘጋ።

ኮፍያውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሊያስታምመኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ለቅሶ ለምን እንደቀረ፣ ለምን በየቅዳሜው ባጃጅ ተከራይቶ እንደሚመጣ፣ አሁን ገባኝ። ሲወጣ ሊያጣኝ አይገባም ብዬ አሰብኩ። ሲስተሯ ምን ትለው ይሆን? እያለቀሰ ይሆን? ሲወጣ የሚያውቀው ሰው ከሌለስ? እንዲህ እያልኩ በሩን አያለሁ። እግሬ መንቀጥቀጡን መቼ እንዳቆመ አላውቅም። ብዙ ቆየ። ከአግዳሚው አልተነሣሁም።

ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። “አለህ?” አለኝ።

“አለሁ።”

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ሲስተሯ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትጠይቀው። ስለ ትንፋሼ፣ ስለ እንቅልፌ ጠይቃኝ በመጨረሻ “ከዚህ በፊት ያጣኸው ሰው አለ?” አለችኝ። ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ነው ያለቀስኩት። ሕመሜን ስታስረዳኝ እንዲህ አለች፦ ልብህም ሳንባህም ጤነኛ ናቸው፤ የሚሰማህ ግን ውሸት አይደለም። ከባድ ድንጋጤና ሐዘን አንዳንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ይወጣል፤ ሰውነት አደጋው ገና ያላለፈ ይመስለውና በድንገት በፍርሃት ይወረራል። ሽታ፣ ድምፅ፣ ስልክ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ይታከማል። ማታ ማታ የምወስደው ኪኒን አዘዘችልኝ፣ ትንፋሼን በአፍንጫ ስቤ ቀስ ብዬ በአፌ ማስወጣት አለማመደችኝ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቀጠረችኝ። ስወጣ “የሚሰማህ ሰው አለህ?” አለችኝ። ውጭ ተቀምጧል አልኳት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሆዙን ዘርግተን ሳለ ጋሽ በራሶ ቀና ሳይል፣ “ስለ ደረጀ ልንገርህ?” አለኝ። “ካልፈለግህ ተወው።”

“ንገረኝ።”

“ጉድጓዱ ጥልቅ አይደለም። መጀመሪያ ይህን እወቅ። ጨለማም አልነበረም። ከላይ ሆነን ሁሉም ይታየናል።”

ጠረገ፣ ጠረገ። ከዚያ ቀጠለ። ደረጀ ማስኩን አጥልቆ፣ የአየር ሲሊንደሩን ተሸክሞ ነው የወረደው። ሲወርድ ለሙሌ “ምሳዬን እንዳትበላ” ብሎታል። ሰውየውን በገመድ አሰረው። ነገር ግን ሰውየው መተንፈስ ሊያቆም ነው። በሥልጠና ላይ መጀመሪያ የሚነገረን ማስክህን ለማንም አትስጥ የሚል ነው። ደረጀ ማስኩን ከነሲሊንደሩ አውልቆ ለሰውየው አደረገለት።

“ጮህኩበት። ‘ደረጀ፣ ማስክህን!’ አልኩት። ሰምቶኛል። ቀና ብሎ አየኝ። በእጁ ‘ሳብ’ አለኝ። ሳብኩ። ሰውየውን ስስበው ደረጀ ቆሞ ነበር። ገመዱን መልሼ ስጥልለት ተቀምጦ ነበር።”

እጁ ሆዙ ላይ ቆመ።

“ያለ ማስክ ልወርድ ነበር። ሙሌ ጎትቶ ጣለኝ። እንዳልነሣ ላዬ ላይ ተቀምጦ የራሱን ማስክ አጠለቀ። ወርዶ ያወጣው ሙሌ ነው። ዘግይቶ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሲስተሯም ግማሹን ነው የነገርኳት። ለአንተ ለመናገር ነበር በየቅዳሜው የምመጣው። ስመጣ ደግሞ ያቅተኛል፤ ያጠብነውን ሆዝ ይዤ እሄዳለሁ።”

አለቀስኩ። እሱም። ግን ልንገራችሁ፣ የዚያን ቀን ማታ አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው የመጣው። የሚታይ፣ ብርሃን ያለው፣ ወንድሜ ቆሞ እጁን የሚያወዛውዝበት። ያማል። ግን አንድ ነው፤ አይለዋወጥም።

እናቴ ከበሩ ኋላ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ወጣችና ባልዲው አጠገብ ቆመች።

“ልጄ ፈርቶ ነበር?” አለችው።

ጋሽ በራሶ ቀና ብሎ አያት። “ሲወርድ አልፈራም የደረጀ እናት። በኋላ አላውቅም፤ አልዋሽሽም። ፊቱን ግን ወደ እኔ አድርጎ ነበር። እኔም ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሣሁም።”

“ብቻውን አልነበረም ማለት ነው።”

“አልነበረም።”

“ያ የወጣው ልጅ ጤነኛ ነው?”

“ጤነኛ ነው። ሥራ ላይ ነው።”

“ይሁን” አለች። ከዚያ ጋሽ በራሶን “ተነሣ፣ እጅህን ታጠብና ግባ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳትበላ ነው የምትሄደው” አለችው። ከገበታው ስንነሣ ወደ እኔ ዞራ፣ “ሲስተሯ ሳትፈቅድልህ መኪና ላይ እንዳትወጣ” አለችኝ። ሥራ ተው አላለችኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም።

መዳኔ በአንድ ጊዜ አልሆነም። እየተሻለኝ ሳለ አንድ ቀን ተመልሶ ያዘኝ፤ ፍስሐ ገነት ዘመድ ጥየቃ ስሄድ አንድ የቡና ማጠቢያ አጠገብ ስናልፍ ከሚኒባስ ወርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ተነፈስኩ። ሲስተሯ ይህ እንደሚያጋጥም አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም፤ ቀጣዩን መኪና ይዤ መንገዴን ቀጠልኩ። ኪኒኑን በራሴ ፈቃድ አላቋረጥኩም፣ ቀስ እያለች የቀነሰችልኝ እሷ ናት። እንደኔ የታመማችሁ፣ ይህን አደራ እላለሁ። ለሐኪማችሁ ደግሞ ከአካላችሁ ሌላ የሆናችሁትንም ንገሩት፤ ባይጠይቃችሁም።

ቡናው ሳያልቅ ሲስተሯ ፈቅዳልኝ ወደ መኪናው መለሱኝ። ሙሌ መጀመሪያ ቀን፣ “መጣህ? እኛ እኮ ስልክ ላይ ጎበዝ ነበርክ ብለን እየተከዝን ነበር። ሴትዮዋ እስካሁን ሃሎ እያለች ነው” አለኝ። ተቃቅፈን ሳቅን። ስለ ጉድጓዱ አላነሣም። እኔም አላነሣሁበትም። ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያስቀን፤ ማን እንደሚያስቀው አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ወር የቤት ቃጠሎ ነበር። ሰዎቹን አውጥተናል፣ አንዲት አሮጊት ግን በጭሱ ደክመው በሙሌ እጅ ላይ አረፉ። ወደ ጣቢያ ተመለስን። ሁሉም ወርዶ ሆዙን መዘርጋት ጀመረ። ሙሌ አልወረደም። ጋቢና ውስጥ መሪውን ይዞ ተቀምጧል፣ ሞተሩ ጠፍቷል።

“ተዉት፣ ይረፍ” አለ አንዱ። ሌሎቹ ድምፃቸውን ቀነሱ። ያን ድምፅ አወቅኩት።

ሄጄ የጋቢናውን በር ከፈትኩ።

“ምን ፈለግህ?” አለኝ ወደ ፊት እያየ።

“ምንም።”

“ደህና ነኝ እሺ? ሂድና እጠብ።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን መጣህ?”

“እኔ ደህና አይደለሁም” አልኩት። “አሮጊቷን ሳይ ደረጀን ያወጣህበት ቀን መጣብኝ። ለብቻዬ መሆን አልፈለግኩም።”

 እጁን ከመሪው ላይ አነሣ፣ ወንበሩ ላይ የነበረውን የራስ ቁሩን አንሥቶ እግሩ ሥር አስቀመጠና ጠጋ አለልኝ።

“ከባድ ነበር” አለ። “ወንድምህ። ስሸከመው በጣም ከባድ ነበር።”

በሩን ዘግቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።